አንድ ትምህርት ቤት ብቻ ያለው «ዲስትሪክት» ከሞንጎመሪ ካውንቲ ጋር አይመዘንም (የምላሽ ጽሑፍ)

ሰሞኑን በዲሲና አካባቢዋ በምንኖር ሐበሾች መካከል አንድ ጽሑፍ ከስልክ ወደ ስልክ ሲዞር ከርሟል። ጭብጡ «ልጆቻችሁን ከትንንሽ ቻርተር ሃይስኩሎች አውጡ» የሚል ነው፤ ቻርተር ማለት በመንግሥት ገንዘብ እየሠራ ራሱን የሚያስተዳድር ትምህርት ቤት ነው። ጸሐፊው ዋሽንግተን ዲሲ ውስጥ ያለ አንድ ትንሽ ቻርተር ሃይስኩል መርጠዋል። የፈተና ውጤቱን፣ የምረቃ መጠኑንና የተማሪዎቹን ስብጥር ደርድረዋል። ከዚያም «ይህ ዲስትሪክት ከሞንጎመሪ ካውንቲ ጋር ሲተያይ ወድቋል» ብለው ፈርደዋል። ምክራቸውም አጭር ነው፤ ቤት ቀይራችሁ ሞንጎመሪ ወዳለበት ወደ ጎረቤት ሜሪላንድ ግቡ።

የትምህርት ቤቱን ስም እኔ አልደግመውም። እዚያ የሚማሩ ልጆች አሉ፤ አንዴ መነሳቱ ይበቃቸዋል። የቻርተር ጠበቃም አይደለሁም። ደካማ ቻርተር መዘጋት አለበት ከሚሉት ወገን ነኝ። ትምህርት ቤቱ ጥሩም ሊሆን ይችላል፣ መጥፎም ሊሆን ይችላል። ጸሐፊው ያቀረቧቸው ቁጥሮች ግን ሁለቱንም አያሳዩም። ክርክሬ ይኸው ነው። ከዚህ በታች በጥቅስ ያሉት ርእሶች የጸሐፊው አባባሎች ናቸው፤ አንድ በአንድ እመልሳለሁ። (ዓመተ ምሕረቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር አንብቡልኝ።)

«ቻርተር ግማሽ የግል ትምህርት ቤት ነው፤ ጎበዝ ጎበዙን መርጦ ይወስዳል»

ይሄኛው ከሥሩ ስህተት ነው። በዲሲ ቻርተር ትምህርት ቤት የመንግሥት ትምህርት ቤት ነው። ኮንግረስ ያወጣው ሕግ በ1996 ሥራ ላይ ሲውል ነው የተጀመረው። ለከተማዋ ነዋሪ ክፍያ የለውም። የመግቢያ ፈተናም መስጠት አይችልም። ቦታ ካነሰ ዕጣ ነው የሚወጣው። ከ2014 ወዲህ ደግሞ አብዛኞቹ ቻርተሮችና የከተማዋ መደበኛ ትምህርት ቤቶች በአንድ የጋራ ሎተሪ ይጠቀማሉ፤ «ማይ ስኩል ዲሲ» የምትሉት ማለት ነው።

ታዲያ መርጦ የሚቀበል የለም ወይ? አለ። ግን ሌላኛው ሰፈር ነው ያለው። ባኔከር፣ ስኩል ዊዝአውት ዎልስ፣ ማኪንሊ ቴክ፣ ዱክ ኤሊንግተን፣ እነዚህ ሁሉ የከተማው አስተዳደር የራሱ ሃይስኩሎች ናቸው። ውጤት አይተው፣ ቃለ መጠይቅ አድርገው፣ ዱክ ኤሊንግተን ደግሞ የጥበብ ችሎታ ፈትኖ ነው የሚቀበሉት። ጸሐፊው መራጩንና የማይመርጠውን ገልብጠውታል።

ደግሞስ ጎበዞቹን መርጦ ከወሰደ ውጤቱ ለምን ዝቅ አለ? በአንድ ጽሑፍ ውስጥ ሁለቱንም ብለዋል። አንዱን ይምረጡ።

«ዲስትሪክቱ ከሞንጎመሪ ካውንቲ ዲስትሪክት በብዙ እጥፍ ያንሳል»

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። የጽሑፉ ሁሉ ምሰሶ ይሄ ነው።

በሜሪላንድ ቻርተር ትምህርት ቤት የካውንቲው አካል ነው። ቨርጂኒያ ውስጥ ደግሞ ቻርተር በጣት የሚቆጠር ነው። በዲሲ ግን ሕጉ እያንዳንዱን የቻርተር ድርጅት ራሱን እንደቻለ የትምህርት አስተዳደር ይቆጥረዋል። አንድ ሕንፃ፣ አንድ ርእሰ መምህርና ጥቂት መቶ ተማሪ ያለው ሃይስኩል በፌደራል መዝገብ ላይ «ዲስትሪክት» ተብሎ ይሰፍራል። ለዚህ ነው በዚያች ጠባብ ከተማ ከ60 በላይ «ዲስትሪክት» ያለው። ሞንጎመሪ ካውንቲ ደግሞ ከ150 ሺህ በላይ ተማሪና ከ200 በላይ ትምህርት ቤት ያለው አንድ ዲስትሪክት ነው። ሁለቱ የሚመሳሰሉት በሠንጠረዡ ላይ ባለው ርእስ ብቻ ነው።

ትልቅ ዲስትሪክት አማካዩ ብዙ ነገር ይሸፍንለታል። ቤተስዳ ያለው ዋልት ዊትማንና ሲልቨር ስፕሪንግ ያለው ጆን ኤፍ ኬኔዲ ሁለቱም የሞንጎመሪ ሃይስኩሎች ናቸው። ውጤታቸው ግን የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃል። አማካዩ ሁለቱንም ያቅፋል። ጸሐፊው «ሞንጎመሪ ግቡ» ሲሉ የትኛው ሞንጎመሪ እንደሆነ አልነገሩንም። ኪራይ የምንችልበት ሰፈር የሚያስገባው ትምህርት ቤት የትኛው እንደሆነ ግን ሁላችንም እናውቃለን። ዋልት ዊትማን አካባቢ ቤት መከራየት ለአንድ የኡበር ሾፌር ቤተሰብ የሚቻል ቢሆን ኖሮ ምክሩም ባላስፈለገ።

ትንሽ ዲስትሪክት የሚሸፍንለት የለም። እንበልና በአንድ ዓመት ሒሳብ የተፈተኑት 48 ልጆች ናቸው። 12ቱ የሚጠበቀውን ደረጃ ካሟሉ 25 በመቶ ነው። በሚቀጥለው ዓመት ከሌሎች 48 ልጆች 16ቱ ካሟሉ 33 በመቶ ይሆናል። ልዩነቱ አራት ልጅ ነው። አራት ልጅ በምሳ ሰዓት አንድ ጠረጴዛ ነው የሚይዘው። ጋዜጣ ላይ ግን «በ8 ነጥብ ተመነደገ» ተብሎ ይወጣል። ሦስተኛው ዓመት ላይ ወደ 12 ቢመለስ «አሽቆለቆለ» ይባላል። ሞንጎመሪ ላይ 8 ነጥብ የሚያንቀሳቅሰው በብዙ ሺህ የሚቆጠር ልጅ ነው። ጸሐፊው የሁለት ዓመት ልዩነት አይተው «ትምህርት ቤቱ እየፈረሰ ነው» ያሉት ይህንን ሳያስቡት ነው። ትንሽ ትምህርት ቤት ላይ ቢያንስ የሦስት አራት ዓመት ውጤት ጎን ለጎን ሳይታይ ፍርድ አይሰጥም። የአንድ ዓመት መልካም ውጤት ይዘው ማስታወቂያ ለሚያሠሩ ትምህርት ቤቶችም ይኸው ይሠራል።

«ከግማሽ በላይ ልጆች ፈተናውን ወድቀዋል፤ መምህራኑ አያስተምሩም ማለት ነው»

«ወድቀዋል» የሚለው ቃል ራሱ ትክክል አይደለም። በዲሲ ከ2015 ጀምሮ ፓርክ፣ ከ2024 ጀምሮ ደግሞ ዲሲ ኬፕ የሚባለው ፈተና ከ1 እስከ 5 ደረጃ አለው። 4 እና 5 ያገኘ ነው «የሚጠበቀውን አሟልቷል» የሚባለው። 3 ያገኘ ልጅ ተቃርቧል እንጂ ዜሮ አልያዘም። ጸሐፊው ከ4 በታች ያለውን ሁሉ ሰብስበው አንድ ከረጢት ውስጥ ከተቱት።

ዋናው ግን ሌላ ነው። ሃይስኩል ልጁን በ14 ዓመቱ ነው የሚቀበለው። የ5ኛ ክፍል ንባብ ይዞ 9ኛ ክፍል የገባ ልጅ በሁለት ዓመት ውስጥ ወደ 8ኛ ክፍል ደረጃ ቢደርስ መምህሩ ተአምር ሠርቷል። ፈተናው ላይ ግን ያው «አላሟላም» ነው። ጎበዝ ልጅ የገባለት ትምህርት ቤት በበኩሉ ምንም ሳያስተምር «አሟልቷል» ይባላል። አንደኛ ደረጃ ላይ ልጁ በየዓመቱ ስለሚፈተን ከአምናው ምን ያህል ፈቀቅ እንዳለ ማየት ይቀላል። ሃይስኩል ላይ ግን የሒሳብና የእንግሊዝኛ ፈተናው በየዓመቱ አይሰጥም። ስለዚህ የአንድ ቀን ፎቶ ነው የምናየው። በዚህ ፎቶ መምህር መኮነን ግፍ ነው።

«የስታንፎርድ ጥናት ቻርተር እንደማይረባ አረጋግጧል»

ጸሐፊው የጠቀሱት በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ያለው ክሬዶ የተባለው ተቋም በ2009 ያወጣውን ነው። እውነት ነው፤ ያኔ በሒሳብ ከአካባቢያቸው ትምህርት ቤት የተሻሉት ቻርተሮች 17 በመቶ ነበሩ፤ የባሱት 37 በመቶ። ይሁን እንጂ ያው ተቋም በ2013 እና በ2023 ደግሞ አጥንቷል። በ2023ቱ የቻርተር ተማሪዎች በአማካይ በንባብ የ16 ቀን፣ በሒሳብ የ6 ቀን ትምህርት ያህል ቀድመው ተገኝተዋል። የ2009ኙን ብቻ መጥቀስ ደግ አይደለም። የአገር አቀፍ አማካይ ደግሞ፣ ይሁን ጥሩ ይሁን መጥፎ፣ ስለ አንድ ትምህርት ቤት የሚነግረን ነገር የለም። ይለፍ።

«የኛ ልጆች እዚያ የሉም፤ ሁሉም ጥቁርና ላቲኖ፣ ሁሉም ድሃ ነው»

ይሄኛውን ሳነብ ቡናዬ ቀዘቀዘ።

አንደኛ፣ «ጥቁር» በሚለው ዓምድ ውስጥ የኛ ልጆች አሉ። የት ይሁኑ እንግዲህ? የአሜሪካ ትምህርት ቤት ስለ ዘር የሚያቀርበው ሪፖርት በ1997ቱ የፌደራል ምደባ ላይ የቆመ ነው። በዚያ ምደባ አያት ቅድመ አያቱ ደቡብ ካሮላይና የተወለደ ልጅ፣ ከሄይቲ የመጣ ልጅ፣ ከጎንደር የመጣ ልጅ ሁሉም አንድ ሳጥን ናቸው። በማርች 2024 ይህ ምደባ ተሻሽሏል። በአዲሱ ቅጽ «ጥቁር» ከሚለው ሥር አፍሪካን አሜሪካን፣ ጃማይካዊ፣ ሄይቲያዊ፣ ናይጄሪያዊ፣ ኢትዮጵያዊና ሶማሊያዊ የሚሉ ሳጥኖች አሉ። አዎ፣ ኢትዮጵያዊ የሚል ሳጥን። ይህ እስከ ትምህርት ቤት ሪፖርት ድረስ እስኪወርድ ግን ዓመታት ይወስዳል። እስከዚያው ድረስ ከዚህ ዓምድ «ኢትዮጵያዊ የለም» ብሎ መደምደም አይቻልም።

«የእንግሊዝኛ ተማሪዎች» የሚለው ቁጥርም አያድነንም። ልጅ ሲመዘገብ ወላጅ የሚሞላው የቤት ቋንቋ መጠይቅ አለ። አማርኛ ብሎ የሞላ ቤተሰብ ልጅ ይፈተናል፤ እንግሊዝኛው በቂ ከሆነ እዚያ ቁጥር ውስጥ አይገባም። ሲልቨር ስፕሪንግ ወይም ዲሲ ተወልዶ፣ ቤቱ አማርኛ እየሰማ ያደገ ልጅ አብዛኛውን ጊዜ በቁጥሩ የለም። ኢኤስኤል፣ የእንግሊዝኛ ድጋፍ ክፍል ማለት ነው፣ ገብቶ የጨረሰም ይወጣል። የሚቀሩት ገና እየተማሩ ያሉት ናቸው። ከዚያ «የእንግሊዝኛ ተማሪዎች ውጤት ዝቅተኛ ነው» ይባላል። እንግሊዝኛ የቻለው ውሎ አድሮ ከቡድኑ ይወጣል፤ ታዲያ የቡድኑ ውጤት እንዴት ከፍ ይበል?

ትንሽ ትምህርት ቤት ላይ ሲሆን ደግሞ ይብሳል። የሪፖርቱን ሠንጠረዥ ከፍቶ ያየ ሰው ያውቀዋል። «ሁሉም ተማሪዎች» የሚለው መስመር ላይ ቁጥር አለ። ወረድ ሲሉ ነጭ፣ እስያዊ፣ የእንግሊዝኛ ተማሪ፣ ልዩ ፍላጎት ያለው በሚሉት መስመሮች ላይ ቁጥር የለም፤ «ከ10 በታች» የሚል ምልክት ወይም ሰረዝ ብቻ ነው። የተደበቀው የልጆቹ ማንነት እንዳይታወቅ ነው። ስድስት ልጅ ካለና ስድስቱም ከ4 በታች ካገኙ የማን ልጅ ስንት እንዳገኘ ሰፈር ሁሉ ያውቃል። ጸሐፊው ግን እነዚህን ሰረዞች እንደ ዜሮ ነው የቆጠሯቸው። «አንድም የእንግሊዝኛ ተማሪ ደረጃውን አላሟላም» ያሉት ከዚህ ተነሥተው ነው። ሰረዝ ዜሮ አይደለም።

ሁለተኛ፣ «ሁሉም ድሃ» የሚለው። ጸሐፊው ያዩት የነፃ ምሳ ቁጥር ነው፤ መቶ በመቶ ይላል። በ2010 በወጣ የፌደራል ሕግ ችግረኛ ልጆች የሚበዙበት ትምህርት ቤት ቅጽ ሳያስሞላ ለሁሉም ልጅ ነፃ ምግብ ማቅረብ ይችላል። መነሻው መጀመሪያ 40 በመቶ ነበር፤ በ2023 ወደ 25 ዝቅ ብሏል። እንዲህ ያለ ትምህርት ቤት ውስጥ የዶክተሩም ልጅ የጽዳት ሠራተኛዋም ልጅ እኩል በነፃ ይበላሉ። መቶ በመቶ የሚለው ስለ ምሳ እንጂ ስለ ኪስ አይናገርም።

ሦስተኛው ከሁሉም በላይ እኛን የሚነካ ነው። ዲሲ ለችግር ለተጋለጡ ልጆች ተጨማሪ በጀት ትሰጣለች። «አት ሪስክ» ይባላሉ። ጸሐፊው ይህን ቁጥር ጠቅሰው «እንዲህ ካሉ ልጆች ጋር ልጃችሁን ታስቀምጣላችሁ?» ሲሉ ጠይቀዋል። ሕጉ ግን ማንን ነው አት ሪስክ የሚለው? መኖሪያ የሌለውን፣ በአሳዳጊ እጅ ያለውን፣ ቤተሰቡ ፉድ ስታምፕ ወይም የድጎማ ገንዘብ ማግኘት የሚችለውን። ከእነዚህ ሌላ ደግሞ በሃይስኩል ከክፍሉ ዕድሜ አንድ ዓመት ወይም ከዚያ በላይ የበለጠውን።

እስቲ የመጨረሻዋን ልብ በሉ። ልጁ በ17 ዓመቱ ዲቪ ከደረሰው አባቱ ጋር ከአዲስ አበባ መጣ እንበል። እዚያ 11ኛ ክፍል ነበር። ትራንስክሪፕቱ ተተርጉሞ ሲታይ እዚህ ከሚቆጠረው ክሬዲት የጎደለ አለና 9ኛ ወይም 10ኛ ክፍል ያስገቡታል። ከዚያች ቀን ጀምሮ ያ ልጅ በዕድሜው ብቻ «አት ሪስክ» ነው። አባቱ እዚያ የባንክ ሥራ አስኪያጅ ቢሆንም፣ ልጁ ከክፍሉ አንደኛ ቢወጣም። ጸሐፊው «አትቀመጡባቸው» ያሏቸው ልጆች ውስጥ የአክስታችን ልጅ አለ።

«የምረቃ መጠኑ ዝቅተኛ ነው»

የምረቃ መጠን የሚሰላው አብረው 9ኛ ክፍል የገቡ ልጆች ተቆጥረው በአራት ዓመት ውስጥ ዲፕሎማ የያዙት ስንት እንደሆኑ በማየት ነው። በአምስተኛው ዓመት የጨረሰ በዚህ ስሌት አልተመረቀም። ያ በ17 ዓመቱ 9ኛ ክፍል የገባ ልጅ እየሠራ፣ እየተማረ በአምስት ዓመት ቢጨርስ ለኔ ጀግና ነው። ለስሌቱ ግን ቀሪ ነው።

ከፍተኛ የምረቃ መጠንም ቢሆን ብቻውን ማረጋገጫ አይሆንም። ዲሲ ይህን በደንብ ታውቀዋለች። በ2017 «ባሉ» የተባለው የከተማዋ ሃይስኩል ተመራቂዎች ሁሉ ኮሌጅ ተቀባይነት አገኙ ተብሎ አገር ጉድ አለ። በዚያው ዓመት መጨረሻ ጋዜጠኞች ሲያጣሩ ብዙዎቹ ሳምንታት ሙሉ ከክፍል የቀሩ ነበሩ። በጥር 2018 የወጣው ምርመራ በከተማው መደበኛ ትምህርት ቤቶች በ2017 ከተመረቁት 2,758 ልጆች መካከል 937ቱ፣ ከሦስት አንዱ ማለት ነው፣ ደንቡ ተጥሶ ዲፕሎማ እንደተሰጣቸው አሳየ። ቁጥጥሩ ሲጠብቅ 73 በመቶ የነበረው የምረቃ መጠን በዓመቱ ወደ 69 በመቶ ገደማ ወረደ። እና የትኛው ዓመት ይሻላል? እኔ ሁለተኛውን እመርጣለሁ።

እዚህ ላይ ግን ለጸሐፊው የምሰጣቸው ነጥብ አለ፤ በአንድ ዐረፍተ ነገር ነው ያለፉት። «ልጆች በመሃል ይወጣሉ» ብለዋል። ትክክል ናቸው፤ ጽሑፉ በሙሉ ስለዚህ ቢሆን ምንኛ ጥሩ ነበር። የቻርተር በጀት የሚሰላው በኦክቶበር መጀመሪያ በሚደረግ ቆጠራ ነው። ልጁ ፌብሯሪ ላይ ሌላ ትምህርት ቤት ቢሄድ ገንዘቡ አብሮት አይሄድም። ወደ ሌላ ትምህርት ቤት መዛወሩ በሰነድ ከተረጋገጠ ደግሞ ከቀድሞ ትምህርት ቤቱ የምረቃ ስሌት ይወጣል። ስለዚህ አስቸጋሪ ልጅን «ሌላ ቦታ ይሻልሃል» ብሎ ማሰናበት የሚያጓጓ ነገር አለው። 9ኛ ክፍል 110 ልጅ፣ 12ኛ ክፍል 60 ልጅ ካያችሁ መጠየቅ አለባችሁ።

ስትጠይቁ ግን መልሱ አንድ እንዳይመስላችሁ። 9ኛ ክፍል የሚደግሙ ልጆች እዚያ ይጠራቀማሉ። ቤተሰብ ኪራይ ሲንርበት ወደ ሜሪላንድ ይሻገራል፤ የዲሲ ነዋሪነቱ ሲቀር የነፃ ትምህርቱም ይቀራል፤ የዘመድ አድራሻ ማስገባት ደግሞ ቅጣት አለው። የተባረረም ሊኖር ይችላል። የሄዱት የት ሄዱ የሚለውን ርእሰ መምህሩ በቁጥር መመለስ ካልቻሉ፣ ያኔ እኔም ከጸሐፊው ጎን እቆማለሁ።

የቀሩት

«ትንሽ ስለሆነ የኤፒ ኮርስ ያንሳል፤ የእግር ኳስ ቡድንም የለውም።» ብዙ ጊዜ እውነት ነው (ኤፒ በሃይስኩል የሚሰጥ የኮሌጅ ደረጃ ትምህርት ነው)። 200 ልጅ ያለበት ሃይስኩል ፊዚክስ፣ ካልኩለስ፣ ኬሚስትሪና ኦርኬስትራ በአንድ ላይ ማቅረብ አይችልም። ለሒሳብ የተፈጠረ ልጅ ያላችሁ ይህን አስቡበት። ስሙ ላልተያዘለት ልጅ ደግሞ መምህሩ ሁሉ በስሙ የሚጠራው ቦታ መሆኑ ዋጋ አለው።

«ከቻርተሮቹ መጨረሻ ላይ ያሉት የምረቃ መጠናቸው እዚህ ግባ የሚባል አይደለም።» ጸሐፊው ያወጡት ዝርዝር ውስጥ የአዋቂዎች ቻርተሮችም አሉ። ከእነሱ አንዱ ካርሎስ ሮዛሪዮ ነው። እናቶቻችንና አባቶቻችን ማታ ከሥራ በኋላ እንግሊዝኛ የሚማሩበት ማለት ነው። እሱን ከሃይስኩል ጋር ደርድሮ «ተማሪዎቹ በአራት ዓመት አይመረቁም» ማለት ምን ይባላል?

«ቻርተር በአንድ ሌሊት ይዘጋል።» ይህ ሥጋት ነው፤ አልክደውም። በኦገስት 2024 ኢግል አካዳሚ ትምህርት ሊጀመር አንድ ሳምንት ገደማ ሲቀረው ተዘግቶ ቤተሰቦች ሜዳ ላይ ቀርተዋል። የትንንሽ ልጆች ትምህርት ቤት ነበር፤ የወደቀውም በገንዘብ ችግር ነው። የፈተና ውጤት ሠንጠረዥ ላይ ይህ አይታይም። የቻርተር ፈቃድ 15 ዓመት ነው፤ ቢያንስ በየአምስት ዓመቱ ይገመገማል። የግምገማው ሪፖርትና የትምህርት ቤቱ የፋይናንስ ይዞታ ለሕዝብ ክፍት ነው። ጸሐፊው ለዚያ ትምህርት ቤት ሁለቱንም አልከፈቷቸውም፤ ቢከፍቷቸው ኖሮ ይጠቅሷቸው ነበር። ሃይስኩል ሎተሪው የሚዘጋው በፌብሯሪ መጀመሪያ ነው። እስከዚያ ድረስ ሪፖርቶቹን አይተው፣ የ9ኛውንና የ12ኛውን ክፍል ቁጥር ጎን ለጎን አስቀምጠው ሁለተኛ ጽሑፍ ቢያወጡ መጀመሪያ የማዳርሰው እኔ ነኝ።